የዘይት ዕቃና አፉ፦ ከገንቦ እስከ ጀሪካን

በአገራችን ገጠርም ሆነ ከተማ ጀሪካን የሌለበት ቤት አለ ለማለት ያስቸግራል። ዘይት ይዞ ወደ ቤት ይገባል። ዘይቱ ሲያልቅ ውኃ ይቀዳበታል፤ ጠላ ይያዝበታል፤ ላምባ ይገዛበታል። ሲያረጅ ደግሞ አንገቱ ተቆርጦ የእህል መስፈሪያ ወይም የችግኝ ውኃ ማጠጫ ይሆናል። ይህን ያህል የሚያገለግል ዕቃ ሆኖ ሳለ ታሪኩ እምብዛም አይነገርም።

ስለ ጀሪካን ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ሆዱ ነው። ስንት ሊትር ይይዛል? ቢወድቅ ይሰነጠቃል? እየተባለ ይመረጣል። ስለ አፉ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ዘይት የሚባክነውም፣ የሚበላሸውም፣ የሚተርፈውም በአብዛኛው በአፉ በኩል ነው። አንድ የዘይት ዕቃ አፍ ሦስት ሥራ ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ ሲቀዳ ሳያንጠባጥብ በተፈለገው ቦታ ማፍሰስ። ሁለተኛ፣ ፈሳሹ ሲወጣ በምትኩ አየር ማስገባት። ሦስተኛ፣ ተቀድቶ ሲያበቃ እንደገና ጥብቅ ብሎ መዘጋት። ሦስቱን ሥራዎች በአንድ አፍ ላይ ለማገናኘት የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ከዚህ በታች የቀረበው የዚያ ልፋት አጭር ታሪክ ነው። (የውጭው ዓለም ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአዱሊስ እስከ ሮም

ዘይት ከሩቅ አገር በዕቃ ታሽጎ ወደ እኛ አካባቢ መምጣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ግዛት ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል ጥቂት ወይንና ጥቂት የወይራ ዘይት እንደነበሩ ይጠቅሳል። በዚያ ዘመን ወይንም ሆነ ዘይት የሚጓጓዘው አምፎራ በሚባል ባለ ሁለት ጆሮ፣ አንገተ ጠባብና ታቹ ሾጠጥ ያለ የሸክላ ገንቦ ነበር። አፉ በቡሽ ወይም በሸክላ ውታፍ ተደፍኖ በላዩ በኖራ ወይም በሙጫ ይታሸጋል። ማሸጊያው በመንገድ ላይ ጥሩ ጥበቃ ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ እንደ ቀድሞው አድርጎ መመለስ አይቻልም።

የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደነበር ለማየት ሮም ከተማን መመልከት ይበቃል። በከተማይቱ ውስጥ ሞንቴ ቴስታቾ የሚባል 35 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጉብታ ይገኛል። ጉብታው አፈር ወይም ድንጋይ አይደለም፤ አብዛኛው ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ ዘይት ይዘው የመጡ የተሰባበሩ ገንቦዎች ክምር ነው። ገንቦዎቹ ቁጥራቸው ከ50 ሚሊዮን እንደማያንስ ተገምቷል። አንዱ ትልቅ ገንቦ 70 ሊትር ያህል ይይዝ ነበር። ሮማውያን ባዶውን ዕቃ መልሰው ያልተጠቀሙበት ዘይቱ በሸክላው ውስጥ ሰርጎ ስለሚከረፋና ዕቃውን ለሌላ አገልግሎት ስለሚያበላሸው ነው ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ እንደገና የማይዘጋና እንደገና የማይሞላ ዕቃ ውሎ አድሮ ተራራ እስከ መሆን ደርሷል ማለት ነው።

በእኛ ቤት

በአገራችንም ዘይት፣ ቅቤና ማር በቅል፣ በገንቦና በእንስራ ሲያዙ ኖረዋል። ውታፉ እንደ ቤቱ ይለያያል። አንዱ ጨርቅ ይጠቀልላል፤ ሌላው እንጨት ይጠርባል፤ በቆሎ በሚመረትበት አካባቢ ደግሞ ቆረቆንዳ ለጠርሙስ አፍ ምቹ ውታፍ ሆኖ እስከ ዛሬ ያገለግላል። እነዚህ ሁሉ ደግመው ደጋግመው የሚዘጉ በመሆናቸው ከሮማው ገንቦ የተሻሉ ናቸው። ጉድለታቸው ጥብቅ አለማለታቸው ነው። ጨርቅ ዘይት ይመጣል፤ ቆረቆንዳ ደርቆ ይኮማተራል፤ በስንጥቁም አየርና ጉንዳን ይገባል።

በአፈሳስ በኩል ግን ሸክላ ሠሪዎቻችን ትልቅ ነገር ያውቁ ነበር። ለዚህ ምስክሩ ባለ ጡቱ ጀበና ነው። ቡናው በጡቱ ሲወርድ አየር በአንገቱ ይገባል። ሁለት ቀዳዳ ስላለው ቡናው ሳይንተከተክ ቀጥ ብሎ እየተንቆረቆረ በትንሿ ስኒ ይገባል። በአንጻሩ ሙሉ ገንቦ በአንድ ጠባብ አፉ ሲዘቀዘቅ "ቡልቅ ቡልቅ" እያለ የሚረጨው ፈሳሹ መውጫውን፣ አየሩ መግቢያውን በአንድ ቀዳዳ ስለሚሻሙ ነው። የዘይት ዕቃ ታሪክ በሙሉ ከዚህ ሽሚያ ጋር የተደረገ ትግል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቆርቆሮው ዘመን

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፋብሪካዎች በቆርቆሮና በጠርሙስ ዕቃ መሥራትን አስፋፉ። በዚህ ወቅት ስለ ክዳን ሁለት ታላላቅ ፈጠራዎች ታይተዋል። በ1858 ጆን ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ ቆርቆሮ ሠሪ በአፉ ዙሪያ ጥርስ ያለው ብርጭቆ ዕቃና ተጠማዝዞ የሚዘጋ ክዳን በስሙ አስመዘገበ። በዛሬው ጀሪካን ላይ እያጠማዘዝን የምንዘጋው ክዳን የዚያ ሐሳብ ዝርያ ነው። በ1892 ደግሞ ዊልያም ፔይንተር የተባለው የባልቲሞር ሰው ሁላችንም የምናውቀውን የጠርሙስ ቆርኪ ፈጠረ። ቆርኪ በጣም ጥብቅ ነው፤ ጋዝ እንኳ አያስወጣም። ነገር ግን አንዴ ከተከፈተ ተመልሶ እንደ ቀድሞው አይገጥምም። ለለስላሳ መጠጥ ይህ ችግር አይደለም፤ ተከፍቶ ወዲያው ይጠጣልና። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ለሚቀዳ ዘይት ግን አይሆንም።

በዚያው ዘመን መጨረሻ ላምባ በአራት ማዕዘን ቆርቆሮ ታሽጎ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ ይጫን ጀመር። ቆርቆሮው 5 የአሜሪካ ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ያህል ይይዛል። በአገራችን ታኒካ የሚባለው ይህ ዓይነት ዕቃ ላምባው ካለቀ በኋላ በብዙ ገበያ እህል መስፈሪያ ሆኖ እስከ መቆጠር ደርሷል። የታኒካን ዘይት ወይም ላምባ የሚቀዳ ነጋዴ ክዳኑን በምስማር ሲበሳ አንድ ቀዳዳ ብቻ አይበሳም፤ በአንዱ ማዕዘን ማፍሰሻ፣ በተቃራኒው ማዕዘን ደግሞ የአየር መግቢያ ይበሳል። የጀበናው ብልኃት ማለት ነው። ችግሩ በምስማር የተበሳ ቀዳዳ ተመልሶ የማይዘጋ መሆኑ ነው።

ለዚህ መልስ የሰጠው የብረት በርሜል ነበር። በ1905 ሄንሪ ዌርሃን የተባለ መሐንዲስ የዛሬው በርሜል አባት የሆነውን ንድፍ በአሜሪካ አስመዘገበ። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ባለቤት ቀደም ሲል ዓለምን በ72 ቀን በመዞር ስሟ የገነነው ጋዜጠኛ ኔሊ ብላይ ነበረች። ዛሬ በየወፍጮ ቤቱና በየነዳጅ ማደያው የሚታየውን 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ በርሜል ልብ ብሎ ያየ ሰው በክዳኑ ላይ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ቀዳዳ ያገኛል። ትልቁ ባለ 2 ኢንች የፈሳሹ፣ ትንሹ ባለ ሦስት ሩብ ኢንች የአየሩ ነው። ሁለቱም ጥርስ ባለው ውታፍ ይዘጋሉ። በርሜል ሲቀዳ ትንሹን ሳይከፍቱ በትልቁ ብቻ ማፍሰስ ዘይት ማባከን ነው። ሆኖም በርሜልን አንድ ሰው አይሸከመውም። አንድ ሰው የሚሸከመው፣ ያለ እምቡቶ የሚቀዳ፣ ተመልሶም የሚዘጋ ዕቃ ገና አልተገኘም ነበር።

ጀሪካን እንዴት ተወለደ?

ዕቃው የተገኘው ለጦርነት ዝግጅት ሲባል ነው። በ1937 በጀርመን አገር ሽቬልም በምትባል ከተማ የሚገኘው የሙለር ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ ቪንሰንዝ ግሩንፎገል ለሠራዊቱ 20 ሊትር የሚይዝ የነዳጅ ዕቃ ነደፈ። አካሉ ከሁለት የተጨፈለቁ የብረት ግማሾች ተበይዶ የተሠራ ነው። በጎኑ ያለው የመስቀል ቅርጽ ብረቱን ያጠነክራል፤ በሙቀትም ሲነፋ እንዳይፈነዳ ያግዛል። ከላይ ሦስት እጀታ ስላለው አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ባዶ ይይዛል፤ ሙሉውን ደግሞ ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ይሸከሙታል።

ትልቁ ብልኃት ግን አፉ ላይ ነበር። ክዳኑ ከአፉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይጠፋም። በመዘውር ተጭኖ የጎማ ቀለበቱ ላይ ቀጭ ብሎ ይዘጋል፤ በመፍቻ ሳይሆን በእጅ ይከፈታል። አፉ አጭር ማፍሰሻ ስላለው እምቡቶ አይፈልግም። በውስጡም አንዲት ቀጭን የአየር ቱቦ ከአፉ ተነስታ ዕቃው ውስጥ ወደሚቀረው የአየር ኪስ ትዘልቃለች። ፈሳሹ ሲወጣ አየር በቱቦዋ ስለሚገባ ቡልቅ ቡልቅ ማለት የለም። ያው የአየር ኪስ ዕቃው ውኃ ላይ ቢወድቅ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል። በመግቢያችን የተዘረዘሩት ሦስቱ የአፍ ሥራዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው በሚሸከመው ዕቃ ላይ ተገናኙ።

በዚያው ጊዜ የእንግሊዝ ሠራዊት ነዳጁን የሚያጓጉዘው ከስስ ቆርቆሮ በተሠራ 4 ጋሎን፣ ማለትም 18 ሊትር ያህል በሚይዝ ታኒካ ነበር። ወታደሮቹ ራሳቸው በስስነቱ ይሳለቁበት ነበር። የቆርቆሮው ስፌት በመኪና ላይ ሲንገጫገጭ ይላቀቃል፤ አንዴ ከተከፈተም አይዘጋም። በሰሜን አፍሪካ በረሃ በተደረገው ጦርነት በዚህ ዕቃ ከተጫነው ነዳጅ ከ100 እጅ 30 ያህሉ በመንገድ ፈስሶና ተንኖ እንደ ቀረ ይገመታል። ያን ነዳጅ በባሕር አሻግሮ ለማምጣት መርከብ ሰምጧል፤ ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በቆርቆሮ ስንጥቅ አሸዋ ላይ ይፈሳል። እንግሊዞች የጀርመኑን ዕቃ በኖርዌይና በበረሃው ሲማርኩ ጥቅሙን ወዲያው ተረዱ። ጀርመኖችን በቅጽል ስም "ጄሪ" ይሏቸው ስለነበር ዕቃውንም "የጄሪ ካን" አሉት። ጀሪካን የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው።

አካሉን ቀድቶ አፉን መተው

በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ትምህርት የምናገኘው ከአሜሪካውያን ነው። ፖል ፕላይስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1939 ከአንድ ጀርመናዊ ባልደረባው ጋር በመኪና ከበርሊን ወደ ሕንድ ሲነሳ ጀርመናዊው ለውኃ መያዣ ሦስት ጀሪካኖች ይዞ መጣ። ባልደረባው በመንገድ ላይ ወደ አገሩ ሲጠራ የዕቃውን አሠራር ዝርዝር ለፕላይስ ነገረው። ፕላይስ አሜሪካ ገብቶ ለጦር ባለሥልጣናት ቢያስረዳም ናሙና ካላየን ተብሎ ሰሚ አጣ። በ1940 መኪናውንና ጀሪካኖቹን በመርከብ አስመጣና አንዱን አሳየ።

ውጤቱ የሚያሳዝን ነበር። ዕቃውን የመረመሩት ክፍሎች መጠኑን፣ ቅርጹንና እጀታዎቹን ወሰዱ። ብየዳውን ግን በተጠቀለለ ስፌት ተኩት፤ በመዘውር የሚዘጋውን አፍ ደግሞ ትተው በመፍቻ የሚከፈትና በእምቡቶ የሚቀዳ አደረጉት። ከሩቅ ለሚያየው ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ይመስላሉ። ሥራ ላይ ግን ስፌቱ ያፈስ ነበር፤ መፍቻና እምቡቶ በጠፋ ቁጥር ደግሞ ነዳጁ መሬት ላይ ይፈስ ነበር። እንግሊዞች በበኩላቸው ከፕላይስ ጀሪካኖች አንዱ ለንደን ሲደርስላቸው አንድም ነገር ሳይቀንሱ እንዳለ ቀዱት። በ1943 መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ያህሉ ሰሜን አፍሪካ ደርሶ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ የአሜሪካ ሠራዊት በአውሮፓ ብቻ የሚያስፈልገው ጀሪካን ከ19 ሚሊዮን በላይ ደርሷል።

የሌላውን ልምድ መቅሰም መልካም ነው። ነገር ግን ከልምዱ ውስጥ ዋናውን ትቶ መልኩን ብቻ መውሰድ ምን እንደሚያስከትል ይህ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ፕላስቲክ መጣ

ጠንካራ ፕላስቲክ በ1950ዎቹ በስፋት መመረት ሲጀምር የጀሪካን ዋጋም ክብደትም ቀነሰ። በአገራችን ደግሞ ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ቢጫውን ጀሪካን በየቤቱ አደረሰው። የዚህ ትልቁ ተጠቃሚ የገጠር ሴት ናት ማለት ይቻላል። ባዶው ራሱ ሸክም የነበረውን፣ አንድ ጊዜ ከተደናቀፉ የሚሰበረውን እንስራ ተክቶላታልና።

ይሁን እንጂ ፕላስቲኩ ጀሪካን ከብረቱ አባቱ ያልወረሰው ነገር አለ። በአብዛኛው የአየር ቱቦ የለውም፤ የመዘውር ክዳንም የለውም። ስለዚህ ቡልቅ ቡልቅ ማለቱ ተመልሶ መጣ። የክዳኑ ጥርስ ሲላላ ወይም ውስጠኛው ውታፍ ሲጠፋ ፌስታል አጥፎ ከክዳኑ ሥር ማድረግ የብዙ ቤት ልማድ ሆኗል። ፌስታሉ መፍሰሱን ቢቀንስም አየሩን አያግድም።

የአፍ ጉዳይ ሠለጠኑ በሚባሉት አገሮችም ያለቀ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ከ2009 ጀምሮ የሚሠሩ የቤንዚን ጀሪካኖች ትነት እንዳያስወጡ በራሱ የሚዘጋ አፍ እንዲኖራቸው ተደረገ። ዓላማው አየርን ከብክለት መጠበቅ ነበር። ብዙ ተጠቃሚዎች ግን አፉ ለመክፈት ስለሚያስቸግርና ቀስ ብሎ ስለሚያፈስ ከቀድሞው ይልቅ ነዳጅ እየፈሰሰብን ነው ብለው አማረሩ። ጥብቅ መዝጋትን ብቻ አስቦ የቀጂውን እጅ የረሳ ንድፍ ሥራው ግማሽ ነው።

ለኑግ ዘይት ለምን ይበልጥ ያስፈልጋል?

ይህ ታሪክ የቅባት እህል ለሚያመርተውና ዘይት ለሚያስጨምቀው አርሶ አደር በቀጥታ ይመለከተዋል። ኑግ የአገራችን ተክል ነው። ዘይቱ ከያዛቸው ቅባቶች ብዙውን ጊዜ ከ100 እጅ 70 ያህሉ ሊኖሌክ አሲድ ይባላል። ይህ ለጤና ተስማሚ የሆነ ቅባት ከአየር ጋር ሲገናኝ በፍጥነት ይለወጣል፤ ዘይቱም ይከረፋል። የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ከአየር ጋር በቀላሉ የማይለወጥ ቅባት በመሆኑ ላላ ያለ ክዳን ይችላል። እንግዲህ ለፓልም ዘይት የበቃ ጀሪካን ለኑግ ዘይት ላይበቃ ይችላል። ሌላው ቀርቶ በጀሪካኑ ውስጥ የቀረው አሮጌ ዘይት ራሱ አዲሱን ዘይት ቶሎ እንዲከረፋ ያደርገዋል። ገዢው ግን ዕቃውን አይወቅስም፤ "የኑግ ዘይት አይቆይም" ብሎ ዘይቱን ይወቅሳል።

የሚንጠባጠበውም ቀላል አይደለም። በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ከአፉ ላይ ተንጠባጥቦ የሚቀር ከሆነ በዓመት ከ5 ሊትር በላይ ይሆናል። "የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም" ይባላል፤ የፈሰሰ ዘይትማ ገንዘብም ነው።

በመሆኑም የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ማለት ይጠቅማል።

1. ጀሪካን ሲገዛ ውኃ ሞልቶ፣ ክዳኑን ዘግቶና ዘቅዝቆ መፈተን። ጠብ ካለ ለዘይት አይሆንም። ከተፈተነ በኋላ ደግሞ ዘይት ሳይገባበት በደንብ መድረቅ አለበት።

2. ሲቀዳ ጀሪካኑን አፉ ወደ ላይኛው ጠርዝ በሚሆንበት በኩል ማጋደል። ዘይቱ በአፉ ታችኛ ክፍል ሲወጣ አየሩ ከላይ ይገባል፤ ቡልቅ ማለቱም ይቀራል።

3. ትልቁን ጀሪካን በየቀኑ አለመክፈት። ለሳምንት የሚበቃውን በትንሽ ዕቃ ቀድቶ ትልቁን ጥብቅ አድርጎ መዝጋት፤ ከፀሐይና ከምድጃ አርቆም ማስቀመጥ።

4. አዲስ ዘይት በአሮጌ ዘይት ላይ አለመጨመር። ዕቃውን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ጨርሶ አድርቆ መሙላት።

5. ዘይት በሊትር ወይም በኪሎ መሸጡን መለየት። 20 ሊትር ዘይት የሚመዝነው 18 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው እንጂ 20 ኪሎ አይደለም።

6. ከሁሉም በላይ የፀረ ተባይና የፀረ አረም ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ ለዘይትም፣ ለውኃም፣ ለጠላም ፈጽሞ አለመጠቀም። በፕላስቲኩ ውስጥ የሰረገ መርዝ በሳሙናም ሆነ በአመድ ታጥቦ አይወጣም። እንዲህ ያለው ዕቃ ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ እጣቢው በመርጫው ውስጥ ተጨምሮ ማሳ ላይ መረጨት፣ ዕቃውም ተበስቶ ከአገልግሎት ውጭ መሆን አለበት። ላምባንም በመጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ ለሕፃናት አደጋ ነው።

በመጨረሻም

አዱሊስ ላይ የታሸገ ገንቦ ከወረደበት ዘመን ጀምሮ ዘይት አምራቹ የደከመበትን ዘይት ሳይጎድልና ሳይበላሽ ለተጠቃሚው ለማድረስ ሲጥር ኖሯል። አርሶ አደሩ ለማረስ፣ ለመዝራት፣ ለማረም፣ ለማጨድና ለመውቃት ወራት ይፈጅበታል። ያ ሁሉ ድካም በመጨረሻ የሚያልፈው ከአራት ጣት በማይሰፋ አፍ ነው። ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘይት ጨምቀው ለገበያ ሲያቀርቡ ስለ ዘሩና ስለ መጭመቂያው የሚጨነቁትን ያህል ስለ ዕቃው አፍም ቢጨነቁ ዘይቱ ሳይጎድልና ጣዕሙ ሳይለወጥ ገዢው ቤት ይደርሳል። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" የሚለው ተረት ለቃል የተነገረ ቢሆንም ለዘይትም ይሠራልና።